ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃንና የዓይኑ ብርሃን

ለጥቂት ጊዜ አንዲትን እናት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ይህች እናት የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች ምጥ ሳይታሰብ መጣባትና በ31ኛው ሳምንት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሕፃኑ ሲመዘን 1,300 ግራም ብቻ ሆነ። በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ፣ በአፍንጫው ኦክስጅን እየተሰጠው፣ በቀጭን ቱቦ የእናቱን ወተት እየተመገበ ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ሐኪሙ፣ «አሁን ልጅዎን ይዘው ወደ ቤትዎ ሊሄዱ ይችላሉ» አላት። ቤተሰቡ በእልልታ ተቀበላት። ገንፎ ተገነፋ፤ ጎረቤትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ።

ከሆስፒታሉ ስትወጣ ከተሰጧት ወረቀቶች መካከል አንዲት ትንሽ የቀጠሮ ካርድ ነበረች። ካርዷ የምትለው ሕፃኑ በተወለደ በ30ኛው ቀን ለዓይን ምርመራ ተመልሶ ይምጣ ነው። ቀኑ ሲደርስ አያቲቱ፣ «ምን ነካሽ ልጄ! አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ክርስትና ሳይነሣ፣ ይህን የመሰለ ጨቅላ ለፀሐይና ለነፋስ ልትሰጪው? አንቺስ ብትሆኚ ምች ቢመታሽ? ዓይኑን እንደሆነ እያየሽው ነው፤ ኮከብ የመሰለ ዓይን ነው» አሏት። እናቲቱም የልጇን ዓይን አየች። አልቀላም፤ መግል አልያዘም፤ እንባም አያፈስም። «እንግዲያው ከክርስትናው በኋላ እወስደዋለሁ» ብላ ካርዷን ከመሳቢያ አኖረቻት።

ይህችን እናት ለምሳሌ ያህል እኛ ሣልናት እንጂ የአንዲት የታወቀች ሴት ታሪክ አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያለው ውሳኔ በየቤቱ ሊደረግ የሚችል፣ ከፍቅርና ከጥንቃቄ የሚመነጭ ውሳኔ ነው። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። ከ30ኛው ቀን እስከ ክርስትናው ያሉት ጥቂት ቀናት፣ ወይም ሕፃኗ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያው ያሉት ሳምንታት፣ አንድ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ በብርሃን ወይም በጨለማ መኖሩን ሊወስኑ ይችላሉና ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ለምን እንደሆነ፣ ሳይንስ እዚህ ግንዛቤ ላይ ለመድረስ ምን ያህል ዋጋ እንደከፈለና አንዲት እናት ምን ማድረግ እንደሚገባት እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ አዋጅ ስንጠቅስ ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬቲና ምንድን ነው?

ዓይን በፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ ቢመሰል ነገሩን ለመረዳት ይቀላል። ከፊት ብርሃን የሚገባበት ብሌን፣ ቀጥሎም ብርሃኑን የሚሰበስበው ሌንስ አለ። በዓይን ኳስ የኋላ ግድግዳ ላይ ደግሞ እንደ ስስ ወረቀት የተለጠፈ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል የሚልክ አካል ይገኛል። ሐኪሞች ሬቲና የሚሉት ይህንን ነው። በፎቶግራፍ ማንሻው ምሳሌ ፊልሙ እርሱ ነው ማለት ነው።

ሌንሱ በሞራ ቢጋረድ ተወግዶ በሌላ ሊተካ ይችላል። ሬቲና ግን እንደ አንጎል ሁሉ ከነርቭ ሕዋሳት የተሠራ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከሞተ መለዋወጫ የለውም። ከዚህም በላይ ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም። ጥርስ ሲበላሽ ያማል፤ ጆሮ ሲመግል ሕፃን ያለቅሳል። ሬቲና ሲታመም ግን ዓይን አይቀላም፣ አያብጥም፣ አያሳክክም። ትልቅ ሰው እንኳ «ብዥ አለብኝ» እስኪል ድረስ ብዙ ጉዳት ይደርሳል። ጨቅላ ሕፃን ደግሞ ይህንንም ማለት አይችልም።

በማሕፀን ያለ ፅንስ ሬቲና መጀመሪያ ላይ የራሱ የደም ሥር የለውም። የደም ሥሮቹ ማደግ የሚጀምሩት በ16ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ፣ የዓይን ነርቭ ከሚገባበት መሐል ተነሥተው ነው። ከምንጭ የተነሣ የመስኖ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ማሳው ዳር እንደሚዘልቅ ሁሉ፣ የደም ሥሮቹም ሳምንት በሳምንት ወደ ሬቲናው ዳር ይዘልቃሉ። በአፍንጫ በኩል ያለውን ዳር በ36ኛው ሳምንት አካባቢ፣ በጆሮ በኩል ያለውን ደግሞ ወደ 40ኛው ሳምንት ገደማ ይደርሱበታል። ይኸውም በጊዜው የተወለደ ሕፃን ሥራው የተጠናቀቀለት ሬቲና ይዞ ይወለዳል ማለት ነው። በ28ኛው ወይም በ31ኛው ሳምንት የተወለደው ግን መስኖው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ሁለት ደረጃ አለው። በማሕፀን ውስጥ የኦክስጅን መጠን አነስተኛ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ፣ በተለይም ተጨማሪ ኦክስጅን ሲሰጠው፣ መጠኑ በድንገት ከፍ ይላል። ሬቲናውም «በቂ አለኝ» እንዳለ ያህል የደም ሥሮቹ እድገት ይቆማል። ሳምንታት ሲያልፉ ደግሞ ዓይኑ እያደገ ይሄዳል፤ የደም ሥር ያልደረሰበት የሬቲና ዳር ምግብና ኦክስጅን ያንሰዋል። በዚህ ጊዜ «የደም ሥር አምጡልኝ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት በብዛት ይለቃል። የሚመጡት የደም ሥሮች ግን ሥርዓት የሌላቸው፣ በቀላሉ የሚደሙ፣ ጠባሳ የሚፈጥሩ ናቸው። ጠባሳው ሲኮማተር ሬቲናውን ከግድግዳው ስቦ ይገነጥለዋል። ይህ ሕመም «ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሬቲና ሕመም» ሲባል ሐኪሞች በአጭሩ አር ኦ ፒ ይሉታል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ደረጃ የሚጀምረው በተወለዱበት ቀን አይደለም፤ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሕፃኑ ክብደት ጨምሮ፣ ጡት መሳብ ጀምሮ፣ ሁሉም ሰው «ተረፈ» ባለበት ሰዓት ነው። የ30ኛው ቀን ቀጠሮ ምሥጢርም ይኸው ነው።

በሠለጠነ ሆስፒታል የታየ ዕውርነት

ይህ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ነው። ዶክተር ቴዎዶር ቴሪ የተባሉ የዓይን ሐኪም በ1942 ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሌንሳቸው በስተጀርባ ግራጫ ጠባሳ ስለታየባቸው ሕፃናት ጻፉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ሕመሙ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በሌሎችም አገሮች ተስፋፋ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በዚህ ምክንያት ዓይናቸውን ያጡ ሕፃናት ቁጥር በዓለም ላይ 10,000 ያህል ይገመት ነበር። በ1950 የተወለደው ታዋቂው ሙዚቀኛ ስቲቪ ወንደርም ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ ነው።

ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው ነገር ሕመሙ የሚበዛው በድሃ ሆስፒታል ሳይሆን እጅግ በተደራጀው ሆስፒታል መሆኑ ነው። አዲስ ማሞቂያ ሣጥን፣ የሠለጠነ ነርስ፣ የተትረፈረፈ ኦክስጅን ባለበት ዕውርነት በዛ። ቫይታሚን ነው፣ የላም ወተት ነው፣ መብራት ነው፣ የእናቲቱ ሕመም ነው እየተባለ ብዙ ነገር ተጠረጠረ።

ጣታቸውን በትክክለኛው ነገር ላይ ካሳረፉት መካከል ሁለቱ ሴቶች ሐኪሞች መሆናቸው ሊታወስ ይገባል። በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ከተማ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ይንከባከቡ የነበሩት ዶክተር ሜሪ ክሮስ፣ ሕመሙ የበዛው በ1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ተቋቁሞ ሆስፒታሎች በቂ የኦክስጅን መሣሪያ መግዛት ከቻሉ በኋላ መሆኑን አስተዋሉ። በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ደግሞ ዶክተር ኬት ካምቤል ሕፃናትን ኦክስጅን እንደልብ በሚሰጥበትና በቁጠባ በሚሰጥባቸው ተቋማት ለይተው ቆጠሩ። በ1951 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው ኦክስጅን እንደልብ ይሰጥ በነበረበት ከ100 ሕፃናት 19 ያህሉ በሕመሙ ሲያዙ፣ በቁጠባ ይሰጥ በነበረበት ግን 7 ያህሉ ብቻ ተይዘዋል። ዶክተር ካምቤል የተራቀቀ ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። የነበራቸው የሕፃናቱ መዝገብና አስተዋይ ዓይን ነው።

በሌሊት የተከፈተ ቧንቧ

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። በዋሺንግተን ከተማ በአንድ የሕዝብ ሆስፒታል አርናል ፓትዝ የተባሉ ወጣት የዓይን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሕፃናቱን በሁለት ወገን ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን እንደተለመደው ብዙ ኦክስጅን እንዲሰጥ፣ ለሌላው ደግሞ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ እንዲሰጥ ተደረገ።

በዚህ ጥናት ወቅት የሆነውን አንድ ነገር እያንዳንዷ እናት ልትሰማው ይገባል። በሌሊት ተራ ላይ ከነበሩት ነርሶች አንዳንዶቹ፣ ኦክስጅን የቀነሰባቸውን ሕፃናት ሲያዩ አንጀታቸው አልችል አለ። «ሐኪሞቹ እነዚህን ሚስኪኖች ሊገድሏቸው ነው» ብለው በማሰብ ሐኪሞቹ ሲሄዱ የኦክስጅኑን ቧንቧ ይከፍቱላቸው ነበር። እነዚያን ነርሶች በክፋት የሚወቅሳቸው የለም። ያደረጉት እናት የምታደርገውን ነው። ነገር ግን በቅን ልቦና የከፈቱት ቧንቧ የሕፃናቱን ዓይን ሊያጠፋ የሚችል ነበር። በምሳሌያችን ካርዷን ከመሳቢያ ያኖረችው እናትና «ምች ይመታሻል» ያሉት አያትም ከእነዚያ ነርሶች የተለዩ አይደሉም። ፍቅር ዕውቀት ሲጎድለው ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከዚያም ከ1953 ጀምሮ በአሜሪካ 18 ሆስፒታሎች ተባብረው 786 ሕፃናትን ያቀፈ ትልቅ ጥናት አካሄዱ። ውጤቱ በማያሻማ ሁኔታ ኦክስጅን ያለ ልክ ሲሰጥ ሕመሙን እንደሚያባብስ አረጋገጠ። በለንደን ደግሞ ኖርማን አሽተን የተባሉ ሳይንቲስት በድመት ግልገሎች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ብዙ ኦክስጅን በማደግ ላይ ያሉትን የሬቲና የደም ሥሮች እንደሚያጠፋ አሳዩ።

ሌላው ስሕተት

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሆኖም ሰው አንዱን ገደል ሲሸሽ ሌላ ገደል ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ብዙ ሆስፒታሎች ለማንኛውም ሕፃን ከ40 በመቶ በላይ ኦክስጅን እንዳይሰጥ ከለከሉ። ዕውርነት በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን ሳንባቸው ያልጠና፣ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ሞቱ፤ ከተረፉትም አንጎላቸው የተጎዳ ነበሩ። የእንግሊዙ ሐኪም ኬኔት ክሮስ በ1973 ባሳተሙት ግምት፣ አንድ ሕፃን ከዕውርነት ለማዳን ሲባል 16 ያህል ሕፃናት ሳይሞቱ አልቀሩም ብለዋል።

ስለዚህ አንባቢያችን፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው «ለልጄ ኦክስጅን አይሰጠው» የሚሉ ከሆነ ነገሩን ገልብጠው ተረድተውታል ማለት ነው። ኦክስጅን ጠላት አይደለም። ኦክስጅን መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ መጠን አለው። ችግሩ ለረጅም ጊዜ መጠኑን ለመለካት አለመቻሉ ነበር። በ1974 ታኩዎ አዎያጊ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ ያቀረቡት የአለካክ ዘዴ ይህን ለወጠ። ዛሬ በሕፃኑ እግር ወይም እጅ ላይ የሚታሰረው ቀይ ብርሃን ያለው ትንሽ መለኪያ የዚያ ሐሳብ ውጤት ነው፤ ሳይወጋና ሳያደማ በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ይናገራል። በ2010 የታተመ ሰፊ ጥናትም መጠኑ ከ85 እስከ 89 በመቶ ሲያዝ ከባድ የዓይን ሕመም እንደሚቀንስ፣ ሞት ግን እንደሚጨምር አሳየ። ስለሆነም በብዙ አገሮች ተጨማሪ ኦክስጅን ለሚሰጠው ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከ90 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው መጠን ተመራጭ ሆኗል።

ሕክምናው እንዴት መጣ?

በጥንቃቄ የተያዘ ሕፃንም ቢሆን፣ እጅግ ትንሽ ሆኖ ከተወለደ፣ በሕመሙ ሊያዝ ይችላል። ደግነቱ በአብዛኞቹ ሕፃናት ሕመሙ ቀላል ሆኖ በራሱ ይጠፋል። ችግሩ በራሱ የሚጠፋውንና ወደ ዕውርነት የሚያመራውን መለየት የሚቻለው ሬቲናውን በማየት ብቻ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው የተረጋገጠ ሕክምና የተገኘው በ1988 ነው። በአሜሪካ በበርካታ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ የደም ሥር ያልደረሰበትን የሬቲና ዳር በከፍተኛ ቅዝቃዜ ማጥፋት መጥፎውን ውጤት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታወቀ። ዳሩን ለምን ያጠፉታል ቢሉ፣ «የደም ሥር አምጡልኝ» እያለ የሚጮኸው እርሱ ስለሆነ ነው። ዳሩ ሲጠፋ ጩኸቱ ይቆማል፤ ለማንበብና ሰው ለመለየት የሚያገለግለው መካከለኛው ሬቲና ይተርፋል። በ1990ዎቹ የቅዝቃዜውን ቦታ ሌዘር የተባለው የብርሃን ጨረር ወሰደ። በ2003 የወጣ ሌላ ጥናትም ሕክምናው ቀደም ብሎ ሲሰጥ ውጤቱ የተሻለ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚህም የተነሣ ሐኪሙ «ሕክምና ያስፈልገዋል» ካለ በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ይመከራል።

ሦስተኛው እርምጃ የመጣው ከካንሰር ምርምር ነው። ሬቲናው የሚለቀው ያ ኬሚካላዊ መልእክት፣ የካንሰር እባጭም ለራሱ የደም ሥር ለመሳብ ይጠቀምበታል። ይህንን መልእክት የሚያግድ ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2004 በአሜሪካ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። የዓይን ሐኪሞች በጥቂቱ በዓይን ውስጥ ሲወጉት በስኳር በሽታና በእርጅና ለሚመጡ የሬቲና ሕመሞች ረዳ። በ2011 ደግሞ ዶክተር ሔለን ሚንትዝ ሒትነር የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ ሕመሙ በሬቲናው መካከለኛ ክፍል አካባቢ በሚሆንባቸው ጨቅላ ሕፃናት መርፌው ከሌዘር የተሻለ ውጤት እንዳሳየ አስታወቁ። ይሁን እንጂ መርፌ የተወጋ ሕፃን ሕመሙ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽበት ስለሚችል ክትትሉ ረዘም ይላል። «ተወጋ፣ ዳነ» ብሎ ቀጠሮ መተው አይገባም።

ዛሬ ሕመሙ የት ነው?

በ2010 በዓለም ላይ ያለጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት 184,700 ያህሉ በዚህ ሕመም እንደተያዙና ከእነርሱም 20,000 ያህሉ እንደታወሩ ወይም ዕይታቸው ክፉኛ እንደተጎዳ ተገምቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሀብታሞቹ አገሮች የተወለዱ አይደሉም።

የዓይን ሐኪም ክሌር ጊልበርት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በሀብታም አገሮች ከባድ ሕመም የሚይዛቸው ሕፃናት አማካይ ክብደት ከ737 እስከ 763 ግራም ሲሆን፣ መካከለኛና አነስተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከ903 እስከ 1,527 ግራም ይደርሳል። ይህ ማለት በእነዚህ አገሮች ተለቅ ያሉት ሕፃናትም ይያዛሉ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃናትን የሚያተርፈው ክፍል ተከፍቷል፤ ኦክስጅኑም ገብቷል። ነገር ግን ኦክስጅንን ከአየር ጋር የሚመጥነው መሣሪያና የደሙን መጠን የሚለካው መሣሪያ ለሁሉም አልጋ አልተዳረሰም። ያለመመጠኛ ከሲሊንደር የሚወጣው ኦክስጅን ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ግን 21 በመቶ ብቻ ኦክስጅን አለው።

በአገራችንም ጨቅላ ሕፃናትን የሚንከባከቡ ክፍሎች በየሆስፒታሉ እየበዙ መጥተዋል። ቀድሞ «አይተርፍም» ተብሎ ይታዘንለት የነበረው የ1,200 ወይም የ1,300 ግራም ሕፃን ዛሬ ተርፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ድሉ ሙሉ የሚሆነው ግን የተረፈው ልጅ የእናቱን ፊት የሚያይ ሲሆን ነው። የሬቲና ሐኪሞቻችን ቁጥር አነስተኛ በመሆኑም እናት ራሷ ዐውቃ መጠየቅ ይኖርባታል።

እናት ምን ትጠይቅ?

በአሜሪካ የሚመረመሩት ከ1,500 ግራም ያልበለጡ ወይም በ30ኛው ሳምንትና ከዚያ በፊት የተወለዱ ሕፃናት ናቸው። እንደ ሕንድ ባሉ አገሮች ግን ተለቅ ያሉትም ስለሚያዙ ከ2,000 ግራም በታች የሆኑ ወይም ከ34ኛው ሳምንት በፊት የተወለዱ ሁሉ እንዲታዩ ይደረጋል። እርስዎም ልጅዎ በዚህ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ብዙ ኦክስጅን ተሰጥቶት ወይም ታሞ የቆየ ከሆነ፣ ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚከተለውን ይጠይቁ።

«ልጄ በስንተኛው ሳምንት ተወለደ? ሲወለድ ስንት ግራም ነበር? ዓይኑ ታይቷል ወይ? ካልታየ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሆስፒታል ይታያል?» መልሱን በካርዱ ላይ ያጽፉ። የመጀመሪያው ምርመራ በጥቅሉ ሕፃኑ በተወለደ በአራተኛው ሳምንት ነው። እጅግ ትንሽ ለሆኑት፣ ማለትም ከ28ኛው ሳምንት በፊት ለተወለዱት ወይም ከ1,200 ግራም በታች ለሆኑት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሆን የሚያዙ አገሮች አሉ። የተወለዱበት ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ከሌለው ወዴት እንደሚላኩ ይጠይቁ። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

ምርመራው ራሱ አያስፈራም። ብሌኑን የሚከፍት ጠብታ ይደረግለታል፤ ጥቂት ይጠበቃል። ከዚያ ሕፃኑ ተጠቅልሎ ሐኪሙ በግንባሩ ላይ ባለው መብራትና በሌንስ ሬቲናውን ያያል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ የሚፈጀው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። ዓይኑ ለጥቂት ሰዓት ብርሃን ሊፈራ ወይም ቀላ ሊል ይችላል። ጡት ከምርመራው በፊት መቼ እንደሚያጠቡት ነርሷን ይጠይቁ፤ ሆዱ ሞልቶ ከሆነ ሊያስመልሰው ይችላልና።

አንድ ጊዜ መታየት አይበቃም። የደም ሥሮቹ ዳር እስኪደርሱ ድረስ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ ሊኖር ይችላል። ለሠራተኛ እናት ይህ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹና ወሳኞቹ ቀጠሮዎች በፈቃዱ ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ። ከዚያ ለሚያልፉት አባትም፣ አክስትም፣ አያትም ካርዱን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄም አለ። የእናት ጡት ወተት የሚያገኙ ሕፃናት በከባድ የሬቲና ሕመም የሚያዙት አነስ ባለ ቁጥር መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። የደም ኢንፌክሽን ሕመሙን ስለሚያባብስ ሕፃኑን የሚይዝ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሕመሙ በራሱ የጠፋለት ልጅም ቢሆን ያለጊዜው ስለተወለደ ሸውራራነትና የሩቅ እይታ ድክመት ሊያገኘው ስለሚችል፣ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ባሉት ዓመታት ዓይኑ እንደገና ይታይ።

በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር እስኪታይ፣ ወይም ልጁ የእናቱን ፊት በዓይኑ አለመከተሉ እስኪታወቅ መጠበቅ አይገባም። ይህ ምልክት ሲታይ ብዙውን ጊዜ ሬቲናው ተገንጥሏል። በዚያን ጊዜ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና እጅግ አስቸጋሪ ሲሆን የሚመልሰውም ዕይታ ጥቂት ነው።

ለአያቶችና ለአባቶች

በመጨረሻ አንድ ቃል ለቤቱ ሽማግሌዎች። አራስን ከብርድና ከድካም መጠበቅ፣ ጨቅላን ከሰው ብዛት መሸሸግ የቆየ ጥበብ ነው፤ ብዙ ሕፃናትንም አትርፏል። ይህንን ጥበብ ተዉት የሚል የለም። የምንለው በጊዜው ላልተወለደ ሕፃን አንድ ቀን ብቻ ለይታችሁ አስቀሩለት ነው። በደንብ ተሸፍኖ፣ በእናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ቢቻል በማለዳ፣ እናቲቱንም የሚደግፋት ሰው አብሯት ይሂድ። ክርስትናው በአርባው ወይም በሰማንያው ይደርሳል፤ በሙስሊሙም ቤት አርባው ይጠበቃል። የሬቲናው ቀን ግን ካለፈ አይመለስም።

ውድ እናት፣ ምናልባት ይህ ጽሑፍ እርስዎን በቀጥታ አይመለከት ይሆናል፤ ልጆችዎ በጊዜያቸው ተወልደው አድገው ይሆናል። ነገር ግን በሥራ ቦታዎ ወይም በጎረቤትዎ አንዲት ሴት ያለጊዜዋ ወልዳ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ ለመጠየቅ መሄድዎ አይቀርም። በዚያን ዕለት ገንፎውን ቀምሰው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ከመነሣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጨምሩላት። «የዓይኑ ቀጠሮ መቼ ነው?» ይበሏት። ካርዷ ከመሳቢያ ውስጥ ከሆነች እንድታወጣት ያድርጉ።